ጾመኛው ወንበር

ፋቂ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው አስቀድሜ የምናገረው። አባቴ ቢራራ ከዳባት ዝቅ ብላ ባለች መንደር ቆዳ እየፋቀ፣ እያለፋ፣ ጠፍር እየቆረጠ አሳደገኝ። በዚያ አገር የአባቴን ጠፍር የማይፈልግ ገበሬ አልነበረም፤ አባቴን ቤቱ አስገብቶ ውኃ የሚያጠጣውም አልነበረም። ዕቃውን ከደጅ ቆሞ ያቀብላል፣ ዋጋውን ከደጅ ቆሞ ይቀበላል፣ ይመለሳል። ሰዎቹ ዓይኑን ይፈሩ ነበር። እሱ ደግሞ የሚፈራው የቆዳ መሻገትን ብቻ ነበር።

እኔ ደባርቅ ከተማ የመኪና ወንበር አድሳለሁ። ነገሩ የተጀመረው በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከደባርቅ ጎንደር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር የተቀደደ መቀመጫ ተሸክሞ መጣና «እስቲ በወስፌ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ» አለኝ። አደረግሁለት። እሱ ለጓደኛው ነገረ፣ ጓደኛው ለጓደኛው ነገረ። ኋላ ወደ ስሜን ተራሮች ቱሪስት የሚያወጡት ባለ ቆዳ ወንበር መኪኖችም መጡ። ደባርቅ ውስጥ የተሰነጠቀ ቆዳ ከሥር በፍየል ሌጦ ደግፎ፣ ስፌቱን አጥብቆ፣ የለቀቀ ቀለሙን መልሶ የሚያወጣ ከእኔ በቀር አልነበረም። ይህ ጉራ አይደለም። ጉራም ቢሆን የሠራሁበት ነው።

ግቢዬ ከመናኸሪያው አጠገብ ናት፤ ሁለት በር አላት። የፊቱ በር ወደ ትልቁ መንገድ ይወጣል፣ የኋላው ወደ ጅረቱ። ደንበኞቼ በሙሉ የሚመጡት በኋላ በር ነው። መኪናቸውን በጓሮ ያስገባሉ፣ የሚጠጡትን ውኃ በላስቲክ ይዘው ይመጣሉ፣ ወንበሩ አምሮ ሲወጣ በጓሮ ይወጣሉ። ከዚያ ዞረው ትልቁ መንገድ ላይ ሲታዩ፣ ሰው «የት አሠራኸው? እንዴት ያምራል» ሲላቸው «ጎንደር» ይላሉ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ጎንደር የሚባል ሰው የእኔን ሥራ ሲወስድብኝ ኖረ።

እኔም ዝም አላልሁም፤ ማለት፣ ዝም ያላልሁ መስሎኝ ነበር። አባቴ በጠፍሩ ጫፍ ላይ ሦስት የወስፌ ነጥብ ይወጋ ነበር፤ የእጁ ምልክት ናት። እኔም በየወንበሩ ሥር፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያይበት ቦታ፣ ያችኑ ሦስት ነጥብ እወጋለሁ። ረህማ አንድ ቀን ስወጋ አየችኝ። ረህማ ገበያ ላይ ክርና ቀለም የምትሸጥ፣ ከእኔ ኩባያ ውኃ የምትጠጣ ብቸኛዋ ጎረቤቴ ናት።

«ምልክቱን ከሥር የሚያደርግ ሌባ ነው» አለችኝ። «አንቺ ምን ሰርቀሽ ነው?»

ሁለት ቀን አኮረፍኋት። እውነት የተናገረ ሰው ላይ ማኩረፍ እችልበታለሁ።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ሳምንት፣ ያርጋል መጣ። ያርጋል የእኛው መንደር ሰው ነው፤ ላንድክሩዘር ገዝቶ ቱሪስት ወደ ፓርኩ ያመላልሳል። በፊቱ «ጋሽ ያርጋል» እያልሁ አንቱ እለዋለሁ፣ ዐሥር ዓመት ይበልጠኛልና። ለእናንተ ስነግራችሁ ግን አንቱታውን አልጨምርለትም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሠርቼለታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎንደር ነበር።

የመኪናው የፊት ወንበሮች ቡናማነታቸው ጠፍቶ ገርጥተዋል። የሾፌሩ መቀመጫ በጎኑ ተሰንጥቆ ስፖንጁ ይታያል፤ የሌላኛው ጀርባ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ያርጋል ቸኩሏል። አባ ወልደ ሩፋኤል፣ የንስሐ አባቱ፣ ከደረስጌ ብዙ ዓመት ያልወጡ ሽማግሌ መነኩሴ፣ ለደብረ ዘይት ደባርቅ መጥተው ሊያስተምሩ ነው። የሚያመጣቸው እሱ ነው፤ ከተማው ወጥቶ ሊቀበላቸው ነው።

ወንበሮቹን ፈታኋቸው። በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠብሁ፣ በጥላ አደረቅሁ፣ ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። ስንጥቁን ከሥር በሌጦ ደግፌ በማስቲሽ ያዝሁትና ሰፋሁት። ቀለሙን ረህማ ካመጣችልኝ ከቀዩ፣ ከጥቁሩና ከቢጫው በጥብጬ፣ የቀድሞውን ቡናማ እስካገኘው ድረስ በጨርቅ ጫፍ እየሞከርሁ፣ ስስ አድርጌ አራት ጊዜ ቀባሁ። ያርጋል የራሱን ውኃ እየጠጣ ቆሞ ያያል። የቀረኝ ማለስለሱ ነበር። ሰም ከቅቤ ጋር አቅልጬ ቆዳው እስኪጠግብ ማሸት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፤ የአባቴ አሠራር ይህ ነው። ቅቤውን ሳወጣ ያርጋል ደነገጠ።

«ይህን ልትቀቢው ነው? በሁዳዴ?»

«ወንበር ነው፣ ጋሽ ያርጋል። አይበላም።»

«አባ የሚቀመጡበትን ወንበር በቅቤ? ሽታው ቢነካቸውስ? ያርጋል አባታችንን በጾም ቅቤ ላይ አስቀመጣቸው ሊሉኝ ነው። በኑግ አድርጊው። ኑግ ጾም ነው።»

«ኑግ ቆዳ አይወድም። የኑግ ዘይት ጠርሙስ አንገቱ እንዴት እንደሚያጣብቅ ወይዘሮዋን ይጠይቁ። እየቆየ ሙጫ ይሆናል፣ ቀለሙንም ይዞት ይነሣል።»

«ሰሙን ብቻ ቀቢዋ።»

«ሰም ብቻውን ላይ ላዩን ይቀራል እንጂ አይገባም።»

ያርጋል ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። ከዚያ እስከዛሬ የማልረሳውን ነገር ተናገረ። «በኑግ አድርጊልኝና፣ በአባ ፊት፣ በሕዝቡ ፊት፣ ማን እንደሠራው እናገርልሻለሁ። ስምሽን እጠራዋለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው።»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። አውቅ ነበር። ኑግ ምን እንደሚያደርግ እጄ ያውቃል፣ አፍንጫዬ ያውቃል። አባቴ ቢያየኝ ወስፌውን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። ግን ዐሥር ዓመት ስሜን ጎንደር ሲወስድብኝ ኖሮ፣ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ሊጠራው ነው። ቅቤውን ከደንኩ። ኑጉን አሸሁ፣ ወለወልሁ፣ ደግሜ ወለወልሁ፣ እንዳያጣብቅም ጸለይሁ። በማግስቱ ወንበሩ አበራ። ያርጋል «የጎንደር ሰው እንዲህ አይሠራም» ብሎኝ ሄደ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሞኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰበሰበ። ከደረስጌ በጨነቅና በቡይት ራስ በኩል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የዚያን ቀን ደግሞ ፀሐዩ በመስታወት ገብቶ ቆዳ የሚያግል ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ ፊት ቆምሁ። ሁልጊዜ የምቆመው ከኋላ፣ ከዋንዛው ሥር ነው። ሁለት ሦስቱ ገላመጡኝ። ግድ አልነበረኝም፣ ስሜ ሊጠራ ነው።

ላንድክሩዘሩ መጣ፣ እልልታው ቀለጠ። ያርጋል ዞሮ በሩን ከፈተ። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ጋቢያቸው ግን አልተነሣም። አንድ ጊዜ ተመልሰው ተቀመጡ። ደግመው ተነሡ። ያርጋል ከኋላቸው ገብቶ ጋቢውን ሳበው፤ ፕላስተር ከቆዳ ላይ ሲነሣ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማና ተላቀቀ። አባ መሬት ወረዱ። ነጩ ጋቢ ከወገባቸው በታች ቡናማ ሆኖ ነበር፤ መቀመጫቸው በሙሉ፣ ስፌቴ ሳይቀር ታትሞ ይታያል።

እልልታው ቆመ። ከነጠላ ሥር የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ያርጋል ላብ አጠመቀው። ዓይኑ ሕዝቡን ዳሰሰና እኔ ላይ ዐረፈ።

«የፋቂዋ ሥራ ነው» አለ። «ዘቢደር፣ የፋቂው የቢራራ ልጅ። እሷ ናት እንዲህ ያደረገችው።»

ቃሉን አከበረ። በአባ ፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ ስሜን ጠራ፤ የአባቴን ስም እንኳ ሳይተው። ሲያምር ጎንደር፣ ሲበላሽ ዘቢደር።

አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ አሉ። እኔ ፈቀቅ አላልሁም። እግሬ እኔን ሳይጠይቀኝ ወደፊት ሄደ።

«አዎን፣ እኔ ነኝ» አልሁ። «አባ፣ ስፌቱ የእኔ ነው። ቀለሙም የእኔ ነው። ኑጉ ግን የጋሽ ያርጋል ነው። ቆዳው ቅቤ ነበር የሚፈልገው፤ እሳቸው ወንበሩም ይጹም አሉኝ። እኔም እንደሚበላሽ እያወቅሁ እሺ አልሁ። ጥፋቴ እሷ ናት፣ ሌላ ጥፋት የለኝም።»

አባ ወልደ ሩፋኤል የጋቢያቸውን ጫፍ ወደፊት አዙረው እድፉን ተመለከቱ።

«ቀለሙስ ደግ ቀለም ነበር» አሉና መስቀላቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ፈርደውልኝ ቢገቡ ደስ ባለኝ ነበር። አልፈረዱልኝም። ለምን እንዳልፈረዱልኝ ዛሬም ይቆጨኛል።

እሑድ ወሬው ደባርቅን ዞረ። በሁዳዴ አባን ቅቤ ልትቀባ ነበር ተባለ። ደግሞ ዓይኗ ነው ጋቢውን የያዘው ተባለ። ኑግ የሚለውን ያነሣ ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሾፌሮች ሥራው ያላለቀ ወንበራቸውን ወሰዱ፤ አንደኛው ዓይኔን ላለማየት ፊቱን አዙሮ ነበር የተሸከመው። በኋላ በር መጡ፣ በኋላ በር ሄዱ። ቆሜ ያንን በር አየሁት። በዚያ በር ዐሥር ዓመት ወንበር ገብቶ ወጥቷል፣ ሰው ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። እንጀራዬ በዚያ በር ነው የሚገባው እያልሁ ነበር የታገሥሁት። አሁን እንጀራውም በዚያው ከወጣ፣ በሩን ለማን ብዬ ነው የምከፍተው?

ረህማን ጠራኋት። ከጅረቱ ድንጋይ ተሸክመን፣ ጭቃ አቡክተን፣ የኋላውን በር እስከ ምሳ ሰዓት ደፈንነው።

«መጸጸት የለም» አለች ረህማ እጇን እየታጠበች።

«ጭቃውን አቀጠንሽው እንጂ እኔስ አልጸጸትም» አልኋት።

ከሰዓት በኋላ ከግንቡ ጀርባ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ያርጋል ነው። ደጋግሞ ነፋ። ወጥቼ ድንጋይ ላይ ቆሜ አየሁት። ወንበሮቹ ላይ አቧራ፣ ጭድ፣ የዝንብ ክንፍ ሳይቀር ተለጥፏል፤ እሱ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ነው የተቀመጠው።

«በሩ የታለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ሐሙስ ፈረንጆች ይመጡብኛል። እንዲህ አድርጌ ልጫናቸው ነው?»

«ጎንደር ይውሰዱት።»

«ጎንደር ቆዳውን ገፍፈን ላስቲክ እናለብሰዋለን ነው የሚሉት። እሱም ሁለት ሳምንት ይፈጃል።» ጠይቆ መጥቷል ማለት ነው። «ዘቢደር፣ የተናገርሁት በድንጋጤ ነው።»

«ይሁን። ረቡዕ ገበያ ነው። ጠዋት በፊት በር ይምጡ። ግቢ አላስገባዎትም፤ ትልቁ መንገድ ዳር፣ ሰው እያየ ነው የምሠራው። በቅቤ ነው የምሠራው። ማን ነው የሚሠራልህ ብሎ ለሚጠይቅዎ ሰው ደግሞ እርስዎ ይመልሳሉ፣ እኔ አልመልስም።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔን ያለኝን ይበልዎ። አልሞትሁበትም።»

ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነፍቶ ሄደ። አይመጣም ብዬ ነበር። ረቡዕ ፀሐይ ስትወጣ በፊቱ በር ቆሟል፤ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዷል።

ወንበሮቹን ፈትቼ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ደረደርኋቸው። ገበያተኛው አህያውን እየነዳ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ፣ በግራና በቀኝ ያልፋል። ኑጉን በላምባ በተነከረ ጨርቅ ቀስ እያልሁ አነሣሁት፣ በሳሙና አጠብሁት። የደባርቅ ነፋስ ለዚህ ደግ ነው፣ ፈጥኖ ያደርቃል። ቀለሙ የለቀቀበትን መልሼ ቀባሁ። ከሰዓት ሲሆን ከሰል አቀጣጥዬ ሰሙንና ቅቤውን በቆርቆሮ ጣድሁ።

የቅቤው ሽታ መንገዱን ሞላው። ሠላሳ ቀን የጾመ ሰው በዚያ ሲያልፍ አስቡት። አፍንጫውን በነጠላ የያዘ አለ፣ አማትቦ ያለፈ አለ፣ ምራቁን የዋጠም አለ። እኔ እያሸሁ ነው። ቆዳው ሲጠጣ በእጄ ይሰማኛል። የተጠማ በግ ውኃ ሲያገኝ እንዲያ ነው።

በዚህ መሐል ረህማ ክሯን ተሸክማ ከገበያ መጣች። አውቃ ነው የመጣችው፣ ገበያዋ ገና አልተፈታም ነበር። ቆመች። ድምጿ ለገበያ የተሠራ ነው።

«ጋሽ ያርጋል፣ ይህን ወንበር ጎንደር አልነበረም እንዴ የሚያሠሩት?»

የሚያልፈው ሰው ገታ አለ። አንድ ከዳባት በኩል የመጣ ሽማግሌ በግ ይዞ ቆመ፤ ይግዛው ይባላል፣ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ያርጋል መሬት መሬት ያያል። እኔ ጨርቄን ይዤ ጠበቅሁ። ቢዋሽ ወንበሩን እዚያው ጥዬለት ልገባ ወስኛለሁ፤ ከሰሉን ሳይቀር።

«ዘቢደር ናት የምትሠራልኝ» አለ።

«የትኛዋ ዘቢደር?» አለ ይግዛው።

ያርጋል ጉሮሮውን ጠረገ። «የቢራራ ልጅ። የዛሬው ብቻ አይደለም። የበፊቶቹንም እሷ ናት የሠራችው።»

«የፋቂው የቢራራ?»

«የፋቂው» አልሁ እኔ፣ ቀና ብዬ። ይህቺን ለማንም ልተዋት አልፈለግሁም። «ጋሽ ያርጋል የተወለዱበትን አልጋ በጠፍር የወጠረው ቢራራ። ዳባት ይሂዱና ይዩት፣ እናታቸው እስከዛሬ ይተኙበታል።»

ሽማግሌው በጉን ወደ ራሱ ሳበና አሰበ። «እኔም ቤት አለ» አለ። «ሠላሳ ዓመቱ ነው። አልላላም።» ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ማሸቴን ቀጠልሁ፤ ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ነው። ያርጋል ያንን እንዲያይብኝ አልፈለግሁም።

ወልውዬ ስጨርስ እጄን ወንበሩ ላይ ጫንሁ፣ አነሣሁ። አልያዘኝም። በነጠላዬ ጫፍ አሸሁት፤ ነጠላዬ ነጭ ሆኖ ወጣ። ቆመው ለሚያዩት ሁሉ ጫፉን አሳየኋቸው። ከዚያ ከረህማ ዘንቢል ነጭ ክር መዘዝሁ፣ የሾፌሩን ራስ ማስደገፊያ ጭኔ ላይ አደረግሁና መስፋት ጀመርሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ያርጋል።

«ምልክት።»

ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ቢ»ን ጨርሼ «ራ» ላይ ነበርሁ።

«ከሥር አድርጊው እንጂ።»

«ከሥር የሚያደርግ ሌባ ነው» አልሁት። ረህማ ወደ ሌላ ዞራ ሳቀች።

«በዚህስ አልነዳም። ፈረንጆቹ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ?»

«አስተርጓሚ አለዎት አይደል፣ ይንገርልዎ። ካልሆነም ጎንደር ወስደው ያስፈቱት።»

ቆመ። ሁለተኛዋን «ራ» ጨርሼ ክሩን በጥርሴ በጠስሁ። ያርጋል የብሎን መፍቻውን አንሥቶ ወንበሮቹን ራሱ ገጠማቸው፤ ብሎኖቹን አጥብቆ አሠረ። መኪናው ውስጥ ገባ። ወጥቶ ሒሳቡን ከፍሎኝ ተመልሶ ገባ። ቢራራ በነጭ ክር ከኋላው ተጽፎ ገበያውን ሰንጥቆ ወጣ፤ በግራም በቀኝም ሰው ያነበው ነበር።

ጭንቅላቱ ስሙን እንዳይነካ አንገቱን ወደፊት አስግጎ ነው የነዳው። ይንዳ። ነገ ፈረንጆቹን ጭኖ ወደ ቡይት ራስ ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ ዳገት ነው፣ አንገት ይደክማል።